የዘውዲቱ ጥፊና የኔ ሁለት ክኒኖች

ዘውዲቱ በአልጋዋ ላይ ተኝታ፣ ማንም ሳይነካት መሞቷን ስሰማ አላመንኩም። የነገረችኝ ዘውዲቱ ሮም አጠገብ ባለችው የባሕር ዳር ከተማ፣ ኦስቲያ፣ ስትጦራቸው የነበሩት ጣሊያናዊት አሮጊት ልጅ ናት። እንዲገባኝ ብላ ጣሊያንኛዋን እያዘገመች፣ "ሲኞር በቀለ፣ ዛውዲ ኤ ሞርታ" አለችኝ በስልክ፤ ዘውዲቱ ሞተች ማለቷ ነው። እኔም "ማን ገደላት?" አልኳት። ሴትዮዋ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ነው ሳትል አልቀረችም። ግን እኮ ዘውዲቱን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ቀን በጠብ መሃል ትሞታለች ብሎ ነበር የሚጠብቀው። ስትማታ የኖረች ሴት ናት። ልቧ በእንቅልፏ ቆሞ መሞቷ የሌላ ሰው ሞት ነው የመሰለኝ።

ሴትዮዋ ቀብሩ ሐሙስ ጠዋት እንደሆነ ነገረችኝና "ስንት ሰው ይመጣል?" ብላ ጠየቀችኝ። መልሼ እደውላለሁ አልኳት። ዘውዲቱ ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ እህት ወንድም የላት። እንግዲህ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። የማውቀውን ሁሉ አንድ በአንድ ደወልኩ። አንዱ ሥራ አለኝ አለ። ሌላው ወገቤን አሞኛል አለ። አንዷ "ነፍስ ይማር" ብላ ዘጋችው። በእኛ ሰው ወግ ጠላት እንኳ ቀብር ይመጣል። ለዘውዲቱ ግን አንድም ሰው እመጣለሁ አላለም። ሰው ሳይቆምላት አፈር ልትገባ ነው ማለት ነው። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፤ ምክንያቱም ሰው እንዲጠላት ካደረጉት ነገሮች አንዱ በእኔ እጅ የተሠራ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሮም ያለን ሰዎች ሲስተር ነበር የምንላት። እሷ አትወድም። "ሲስተር አይደለሁም፤ ድሬሰር ነኝ፤ ቁስል አጣቢ" ትላለች። በጦሩ ሆስፒታል አሥራ አንድ ዓመት ሰሜን ውስጥ ሠርታለች። እዚህ ከመጣች በኋላ እንደ ብዙዎቹ ሴቶቻችን ባዳንቴ ሆና የጣሊያን ሽማግሌዎች ስትጦር ኖረች። ረጅም ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ፤ የግራ እጇ ትንሿ ጣት ግማሿ የለችም። በዕድሜ የምትበልጠው ሁሉ እርስዎ ይላታል። እኔ በሁለት ዓመት ስለምበልጣት አንቺ እላት ነበር። እሷም አንተ ትለኝ ነበር። በነገራችን ላይ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ሃያ ስድስት ዓመት የአንድ ትልቅ ሕንፃ በር ጠባቂ፣ ፖርቲየሬ ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ መድኃኒት የምጽፈው ሁሉ ከእሷ አፍ የሰማሁት ነው፤ ጥቂቱንም ከእጇ።

የተዋወቅነው በጥፊ ነው። ሁዳዴ ነበር። ቪያ ቮልቱርኖ በሚባለው መንገድ ላይ ካሉት የእኛ ሰው ምግብ ቤቶች አንዱ ውስጥ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ፣ ጾም እስኪፈታ ቁጭ ብለናል። ራሴን ይወጋኝ ነበርና አስፕሪን አወጣሁ። ውሃ ከጠጣሁ ጾሜ ይሻራል ብዬ በደረቁ ላኝከው ምላሴ ላይ አኖርኩት። ያን ጊዜ እንደዚያ የማያደርግ የለም፤ ግማሹ ቤት ክኒኑን በደረቁ ነበር የሚያኝከው። ጉንጬ ላይ አንድ ነገር ጮኸ። ክኒኑ ከአፌ ወጥቶ ሰው ሳህን ውስጥ ወደቀ። ቀና ስል ከላዬ ቆማለች።

"ምን በልተሃል?" አለችኝ።

"ጾም ነው እኮ። ደግሞ አንቺ ማን ነሽ?"

"ጾም መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ጨጓራ አለብህ?"

"ያቃጥለኛል አልፎ አልፎ።"

"ትናንት ማታስ ምን ጠጣህ?"

"ጉንፋን ይዞኝ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አፍልቼ በማር። ትንሽ አረቄም አድርጌበታለሁ።"

"ሌላ የምትውጠው አለ?"

"የደም ግፊት ክኒን።"

ወደ ሰዉ ዞረች። "ስሙ እንግዲህ። በባዶ ሆድ፣ በሚያቃጥል ጨጓራ፣ በሽንኩርትና በዝንጅብል ላይ፣ በአረቄ ላይ፣ በግፊት ክኒን ላይ፣ ያውም በደረቁ። ይሄ ሰውዬ እየጾመ አይደለም፤ ሆዱን እየበሳ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለችና ቀስ ብላ፣ "መድኃኒት የሚውጥ ሰው አይጾምም፤ የሚጾም ሰው አይውጥም። አንዱን ምረጥ" አለችኝ። ጉንጬ ሁለት ቀን አበጠ። ከዚያ ወዲያ ግን ጓደኛሞች ሆንን፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አንድ አባባል ነበራት። "አስፕሪን እንግዳ ነው። ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ሳታውቁ አታስገቡት" ትል ነበር። ደም ማቅጠኛ የሚውጥ ሰው ቤት ከገባ ደም ያፈሳል። ለልብ ተብሎ ሐኪም ያዘዘው ትንሹ አስፕሪን ላይ ለወገብ ተብሎ ሌላ የሕመም ማስታገሻ ከተጨመረ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ያበላሻል ወይም ጨጓራውን አብረው ይበሉታል። አስም ያለበትን ሰው አንዳንዴ ትንፋሹን ይዘጋዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ሐኪም ለልቡ ያዘዘለት ሰው ፈርቶ በራሱ ካቆመ ያንንም በጥፊ ነው የምታስውጠው። "ጠላት አላልኩም፤ እንግዳ ነው ያልኩት" ትላለች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የሴቶቹን ቦርሳ ትበረብራለች፣ የወንዶቹን ኪስ ትገለብጣለች። ያልተስማማ ሰው ክንዱ ይጠመዘዛል። ሁላችንም የምንውጠውን በወረቀት ጽፈን ከመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ከፔርሜሶው ጋር እንድንይዝ ታዝዝ ነበር። እኔም ይዤ ነበር። የሌላውን ሰው ወረቀት ግን ጠይቄ አላውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የዕረፍት ሰዓቷ ነበር። ያን ጊዜ ቦርሳዋን ይዛ ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ ትሄዳለች፤ ባሕር ተሻግረው መጥተው ወደ ሌላ አገር የሚያልፉት ልጆች እዚያ ነበር የሚያርፉት። አንድ ቀን አብሬያት ሄድኩ። አንዲት እናት የአምስት ዓመት ሴት ልጇን አቅፋ፣ ከመንገደኛ የተቀበለችውን አስፕሪን ግማሹን በማንኪያ አሟሙታ ልትሰጣት ስትል ደረስን። ልጅቷ ትኩሳት አላት፤ ሰውነቷ ላይ ጉድፍ ወጥቷል። ዘውዲቱ ማንኪያውን በእግሯ መታችው። እናትየዋ ልጇን መሬት አስቀምጣ እንደ ነብር ተወረወረችባት። በረሃውን ያለፈች ሴት ናት፤ ማንም ልጄን አይነካም ብላ ነው የመጣችው። አስፋልቱ ላይ ተያይዘው ወደቁ። እናትየዋ የዘውዲቱን እጅ ነከሰች፤ ደም ወረደ። ዘውዲቱ በጉልበቷ ደረቷን ይዛ ከላይ ሆና ነው የነገረቻት፣ "ጉድፍ የያዘው ልጅ አስፕሪን ከጠጣ ጉበቱንና አንጎሉን ሊመታው ይችላል። ገባሽ? ልጅሽን ነው ያተረፍኩልሽ፤ ንከሺኝ፣ ደግመሽ ንከሺኝ።" እናትየዋ መንከሷን ተወች። ዘውዲቱ ልጅቷን ታቅፋ ወደ በጎ ፈቃድ ሐኪሞቹ ስትሮጥ ደሙ ከእጇ ልጅቷ ቀሚስ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

"ለምን በአፍሽ አትነግሪያቸውም?" አልኳት አንድ ቀን፣ ወደ ኦስቲያ በሚሄደው ባቡር ውስጥ። "በጥፊ ካልሆነ አይሆንም?"

"በአፍ የሚነገረው ጊዜ ሲኖር ነው" አለችኝ። ከዚያ ጠይቄያት የማላውቀውን ነገረችኝ። ሰሜን እያለች አንድ ወታደር ትኩሳት ይዞት መጣ። ጦርነት ነው፤ ሌላ መድኃኒት የለም፤ አስፕሪን ግን በጆንያ ነበር። ሆዴን ያመኛል ብሏታል። ጠዋት ሰጠችው፣ ቀን ሰጠችው፣ ማታም ሰጠችው። በሁለተኛው ቀን ጥቁር ደም አስታወከና ጭኗ ላይ ሞተ። "ሆዴን ሲለኝ አልሰማሁትም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበር። አመሰግናለሁ እህቴ እያለ ነበር የሚውጠው። ለስለስ ብዬ ነው የገደልኩት፣ በቀለ።" ይህን ብላ ዳግመኛ አላነሳችውም። እኔም አላነሳሁባትም።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ አሁን ሰው ዘውዲቱን ወደጠላበት እሑድ ልምጣ። ስምንት ዓመት ሆነው።

ብርሃኔ የሚባል አስመራ የተወለደ፣ አማርኛ ተምሮ ያደገ፣ ገበያ ውስጥ ሳጥን የሚያወርድ ሰው አለ። አልጋነሽ የምትባለው እህቱ ደሳለኝ የሚባል የእኛን አገር ሰው አግብታ ሦስት ልጆች ወልዳለች። ብርሃኔ ከዚያ እሑድ ስድስት ወር በፊት ልቡን ታሞ የደም ሥሩ ውስጥ ስቴንት የሚሉትን ትንሽ ሽቦ አስገብተውለት ነበር። መታመሙን አውቃለሁ፤ ሆስፒታልም ጠይቄዋለሁ። ምን እንደሚውጥ ግን አልጠየቅሁትም።

ያን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያው ቪያ ቮልቱርኖ ምግብ ቤት ተቀምጠናል። ደሳለኝ ገባ። ብርሃኔ ተነሳ።

"የእህቴ ክንድ ላይ ያለው ሰንበር ምንድን ነው?" አለው።

"የባልና ሚስት ነገር ነው። አንተ ምን አገባህ?"

"ወንድሟ ነኝ።"

"ወንድሟ ከሆንክ አፏን እንድትይዝ አስተምራት።"

ብርሃኔ በቡጢ አፉን መታው። ደሳለኝ ተንገዳግዶ ግድግዳውን ተደገፈና ተጣጥፎ የሚቀመጠውን የብረት ወንበር አነሳ። እኔ ከመቀመጫዬ ሳልነሳ ነበር ሁሉም ያለቀው። የወንበሩ ጠርዝ ብርሃኔን በቀኝ በኩል ከጆሮው በላይ መታው። የተሰማው ድምፅ ከባድ በር ሲዘጋ ያለው ዓይነት ነበር። ብርሃኔ ጠረጴዛውን ይዞ ወደቀ። ብርጭቆው፣ ሳህኑ፣ ወጡ፣ ሁሉም አብሮት ወረደ። ደሳለኝ ሁለተኛ ሊደግመው ሲል አራት ሰው ተረባርቦ ያዘው።

አቶ ኃይሉ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ማኅበራችንን የሚመሩ፣ ሁላችንም የምንሰማቸው። "በሩን ዝጉ" አሉ። የብረት መዝጊያው ወረደ። ብርሃኔ ተነስቶ ተቀመጠ። ደሙ በፎጣ ታሰረ። ደህና ነኝ አለ። ይናገራል፣ ያየናል፣ ስማችንን ያውቃል። እንግዲህ ሽምግልናው እዚያው ተጀመረ። በአገራችን በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ሮም ምግብ ቤት ውስጥ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ደሳለኝ ያንኑ የመታበትን ወንበር ትከሻው ላይ ተሸክሞ ብርሃኔ እግር ሥር ተንበረከከ። ወንበሩ ጠርዝ ላይ ፀጉር ነበር። ይህን አይቻለሁ፤ አቶ ኃይሉም አይተዋል።

"ይቅር ብዬዋለሁ" አለ ብርሃኔ። "አውርዱለት። እኔን ራሴን ብቻ ነው የሚያመኝ።"

ሁሉም እልል ሊል ምንም አልቀረው። ለዕርቁ አብረው ይጠጡ ተባለና ግራፓ የሚሉት የጣሊያን አረቄ ተቀዳ። ብርሃኔ አንድ ጠጣ፤ ደግመው ቀዱለት። እኔ ደግሞ አዘንኩለት። ኪሴ ውስጥ ውሃ ውስጥ የሚፈላው ትልቁ አስፕሪን ነበረኝ። ሁለቱን ብርጭቆ ውስጥ ጣልኩ፤ እስኪሟሟ ጠብቄ፣ "ይሄ ይሻልሃል፣ ወንድሜ" ብዬ በእጄ ሰጠሁት። "ጋሼ በቀለ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለኝና እስከ ታች ጠጣው። ልቤ ሞላ። ጥሩ ነገር የሠራሁ መሰለኝ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ የብረት መዝጊያው ተደበደበ። ዘውዲቱ ናት፤ እሑድ ዕረፍቷ ነው፤ ምሳ ልትበላ መምጣቷ ነው። ካልከፈትንላት መዝጊያውን ነቅላ ነው የምትገባው፤ ስለዚህ ከፈቱላት። ጎንበስ ብላ ገባችና መሬቱ ላይ ያለውን ደም አየች። ከዚያ ብርሃኔን አየችው።

"ይሄ ሰው ለምን ያንቀላፋል?"

"ታርቀዋል ሲስተር፤ አልቋል" አሉ አቶ ኃይሉ። "ደክሞት ነው፤ ትንሽም ጠጥቷል።"

የዓይኑን ቆብ ገልጣ በስልኳ መብራት አየችው። የአንዱ ዓይን ብሌን ጠብቧል፤ የሌላው እንደተከፈተ ቀርቷል። ኪሱን በረበረች። ሁለት የክኒን ካርድ አወጣች። አንዱ ትንሹ የልብ አስፕሪን፣ ሌላው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መሆኑን እሷ ታውቃለች።

"በዚህ ላይ ምን ጨመራችሁበት?"

"ግራፓ" አለ አንዱ።

"ሌላስ?"

አቶ ኃይሉን በሸሚዛቸው አንገት ይዛ አነሳቻቸው። "ሌላስ፣ አቶ ኃይሉ?" ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን ወደ እኔ አልተመለከተም። ሽማግሌ ነው ብለው፣ እንዳትመታኝ ፈርተው ነው። እኔም ለትንሽ ጊዜ ዝም አልኩ። ያቺን ትንሽ ጊዜ እስከ ዛሬ አልረሳትም። ብርሃኔ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ።

"ሁለት አስፕሪን። ትልቁን። እኔ ነኝ" አልኩ።

በጥፊ አይደለም፤ በቡጢ ነው የመታችኝ። ከወንበሬ ወደቅኩ። አፌ ደም ሞላ፤ አንድ ጥርሴ ምላሴ ላይ ነበር። "መቼ?" አለችኝ ከላይ ሆና። "ግማሽ ሰዓት ይሆናል" አልኳት። "ደውል። አምቡላንስ ጥራ" አለችኝ።

አቶ ኃይሉ ከመዝጊያው ፊት ቆሙ። "ሲስተር፣ ልብ በይ እንጂ። አምቡላንስ ከመጣ ፖሊሱ፣ ካራቢኔሪው ይመጣል። የደሳለኝ ፔርሜሶ እድሳት ላይ ነው። ሦስት ልጆች አሉት። ታርቀዋል፤ ተማምለዋል። በመኪና ቤቱ እንውሰደው፤ ተኝቶ ይነሳል።"

"አይነሳም።"

"አንቺ እግዚአብሔር ነሽ?"

"ድሬሰር ነኝ" አለች። ክንዷን ያዟት። በግንባሯ አፍንጫቸውን መታቻቸው፤ እኚያ የተከበሩ ሰው ደማቸውን እያፈሰሱ ተቀመጡ። ሁለት ወጣቶች ሊይዟት ሲነሱ የግራፓውን ጠርሙስ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር መትታ ሰበረችውና አንገቱን ይዛ ቆመች። "አሁን አንጎሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው። የሚረጋ ደም ደግሞ የለውም፤ በአራት ነገር አቅጥናችሁታል። የሚጠጋኝ ይጠጋ። በቀለ፣ ደውል።" ደወልኩ። ብርሃኔ አስታወከ። ደሳለኝ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር፤ ግን እሱም አልተጠጋም።

አምቡላንሱ ሲመጣ አቶ ኃይሉ አፍንጫቸውን ይዘው "ካዱቶ፣ ካዱቶ" አሉ፤ ወደቀ ማለታቸው ነው። ዘውዲቱ "ኖ። በወንበር ተመቷል" አለቻቸው በጣሊያንኛ። ክኒኖቹን ከአምቡላንሱ ለወረደችው ሐኪም ሰጠች። ከዚያ የኮቴን አንገት ይዛ ወደፊት ገፋችኝ። "ንገራት።" የኔ ጣሊያንኛ የበር ጠባቂ ጣሊያንኛ ነው። "ዱዌ አስፒሪኔ" አልኩ። "ግራንዲ። ኢዮ፣ ኢዮ።" ሁለት ትልልቅ አስፕሪን፣ የሰጠሁት እኔ ነኝ ማለቴ ነው። ሐኪሟ የእጅ ጓንቷ ላይ ጻፈችው።

ጭንቅላቱን ከፈቱት። ኋላ የወጣው ሐኪም የዋጠውን ሁሉ አውቀን ደም የሚያረጋ ነገር አስቀድመን ባንሰጠው ኖሮ ከጠረጴዛው ላይ አይነሳም ነበር አለን። ብርሃኔ ዳነ። የግራ እጁና የግራ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆኑም።

ደሳለኝ ታሰረ። ከእስር ሲወጣ ፔርሜሶው ስላልታደሰ ወደ አገር ተመለሰ። ያን ጊዜ ነው አልጋነሽ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ዘውዲቱን የጠበቀቻት። የዘውዲቱን ነጠላ ከአንገቷ ላይ ቀደደችው። ፊቷ ላይ ተፋችባት። "ልጆቼን አባት አሳጣሻቸው። አንቺ መካን፤ የልጅ ነገር ምን ይገባሻል" እያለች ደረቷን፣ ፊቷን መታቻት። ሁላችንም ዘውዲቱ አሁን ትጥላታለች ብለን ነበር። ዘውዲቱ ግን ሁለት እጇን ወደታች አድርጋ ቆመች። አልጋነሽ ደክሟት እስክትተው ድረስ ቆመች። ከዚያ ነጠላዋን ከመሬት አነሳችና ሄደች።

አቶ ኃይሉ ማንም አብሯት እንዳይበላ አሉ። ለፖሊስ ያስረከበችን ሴት ተባለች። ለእኔ ግን ሁሉም ደግ ነበር። "ጋሼ በቀለ በደግነት ነው የሰጠው፤ ምን ያውቃል" አሉ። አልጋነሽ እንኳ ማን እንደሰጠው የነገራት ስለሌለ በየበዓሉ ጠርታ ታበላኝ ነበር። እኔም በልቼ እወጣ ነበር። ዘውዲቱ ኦስቲያ ሄዳ የአሮጊቷ ቤት ውስጥ እየኖረች መሥራት ጀመረች። ሐሙስ ሐሙስ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። ባሕሩ ዳር እንቀመጣለን። "ለአልጋነሽ ልንገራት፣ ክኒኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ ልበላት" ብያት አውቃለሁ። "ምን ይለወጣል? ባሏን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። ያንን አልክድም፤ ደግሜም አደርገዋለሁ" አለችኝ። እኔም በዚህ ተሸሸግኩ። ስምንት ዓመት።

እንግዲህ የሞቷን ዜና በሰማሁ ማግስት፣ የቀብሩ ዋዜማ፣ አልጋነሽ ቤት ሄድኩ። ብርሃኔ ከእሷ ጋር ነው የሚኖረው፤ የምታለብሰው፣ የምትመግበው እሷ ናት። "ጋሼ በቀለ፣ ይግቡ፤ ምን ሆነው ነው ፊትዎ?" አለችኝ።

"ዘውዲቱ ሞተች።"

"ነፍስ ይማር" አለችና ሳህን ማጠቧን ቀጠለች።

"ነገ ጠዋት ነው ቀብሯ። ሰው የላትም።"

"እኛ ሥራ አለን፣ ጋሼ።"

አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነው የነገርኳት። "አልጋነሽ፣ ያን ቀን ወንድምሽን ልገድለው የነበርኩት እኔ ነኝ። በሚውጠው ላይ ሁለት አስፕሪን የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ፊት አፌን ያስከፈተችኝ እሷ ናት፤ አንገቴን ይዛ።"

የያዘችውን ብርጭቆ ወረወረችው። ከጆሮዬ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተሰበረ፤ ስብርባሪው አንገቴን ቧጠጠኝ። "ስምንት ዓመት ማዕዴ ላይ እየበሉ" አለች። ሌላ ልታነሳ ስትል ብርሃኔ ከሶፋው ላይ ሆኖ፣ "ተዪው። አውቅ ነበር" አላት።

"ምን አልክ?"

"ከእጁ ተቀብዬ የጠጣሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? እሷ ስትጮህም እሰማ ነበር። ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አልተዘጋም ነበር።"

"ታዲያ" አልኩት፣ "እሷን አንድ ቀን እንኳ ለምን ሰላም አላልካትም?"

ብርሃኔ የማትታዘዘውን እጁን በደህናው እጁ ያዛት። ድምፁን አላነሳም። "እሷን አመሰገንኩ ማለት የዚህችን ባል አሳሰርኩ ማለት ነው፣ ጋሼ። የምትመግበኝ ይህችው እህቴ ናት። ምን ልበል?" ከዚያ በደህናው እጁ የሶፋውን ክንድ ደጋግሞ መታው፤ እንጨቱ እስኪሰነጠቅ መታው። አልጋነሽ ስብርባሪው መሃል ቆማ ታየው ነበር። እኔ ወጣሁ። የተከተለኝ የለም።

በማግስቱ ጠዋት መቃብሩ ጋ የአሮጊቷ ልጅና እኔ ብቻ ነበርን። ቄሱ ጸሎት ሊጀምሩ ሲሉ ብርሃኔ እግሩን እየጎተተ በመቃብሮቹ መሃል መጣ። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፤ ቁልፎቹ እስከ አንገቱ ተቆልፈዋል። ማን እንደቆለፈለት አልጠየቅሁትም። ከኋላው ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነጠላ ጣል አድርጋ፣ አልጋነሽ ቆማለች። አልቀረበችም።

ሳጥኑ መውረድ ሲጀምር ገመዱ ተንቋቋ። ያን ጊዜ አልጋነሽ ሮጣ መጣች። አፋፉ ላይ ደርሳ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና በሁለት እጇ ደረቷን መምታት ጀመረች። በአገር ቤት ለቅሶ ላይ እንኳ እንደዚያ የሚመታ አላየሁም። ጠላቷን እንደምትመታ ነበር የምትመታው። ጣሊያኗ ደንግጣ አልጋነሽን ልትይዛት ስትል የጣሊያኗን ክንድ ያዝኩ።

"ላሻላ ስታሬ" አልኳት። "ተያት። ይውጣላት።"